ቀይ ቀበሮ፦ የጓሳ ባለርስት

ቀይ ቀበሮ የውሻና የተኩላ የሥጋ ዘመድ የሆነ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ የዱር እንስሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በታች እምብዛም አይወርድም። የሚኖረው በባሌ፣ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍታዎች እንዲሁም በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ ነው። ቁጥሩ በሙሉ ቢደመር 500 አካባቢ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ይገኛል።

ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማንና የወንጭትን ቆላ ወደ ኋላ እየተወ ወደ መንዝ የሚወጣ መንገደኛ የአገሩን መለወጥ በእህሉ ያውቀዋል። ማሽላው ለጤፍ፣ ጤፉ ለስንዴና ለባቄላ፣ እነሱም ለገብስ ቦታ ይለቃሉ። ከዚያ ገብስም የሚሰንፍበት ውርጭ ይመጣል። ሣሩ እንደ ሰው ፀጉር በነፋስ ይተኛል፤ በመካከሉ ጅብራ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ጠዋት መሬቱ በአመዳይ ነጭ ይሆናል። ጓሳ የሚባለው ይህ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳና ኮረብታ ነው። በምሥራቅ ጫፉ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይናዳል። በዚያ በኩል የወረደው ዝናብ አዋሽን ሲቀላቀል በምዕራብ በኩል የወረደው ደግሞ በመርሐቤቴ ግርጌ አልፎ ዓባይ ይገባል። ቀይ ቀበሮ የሚያድንበት ሣር ለቆላው ሰው ውኃ የሚያቁርለት ሣር ነው ማለት ነው።

ስሙ በደል አለበት። በገጠር ቀበሮ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው በግ የምትሰርቀው፣ በተረት ሁሉ ተንኮለኛ የሆነችው እንስሳ ናት። ቀይ ቀበሮ ግን ሌላ ነው፤ በዝርያው ለተኩላ ይቀርባል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮችን የጎበኘው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን የወሰደው ከሰሜን ነው። ለረጅም ዘመን በውጭ አገር መጻሕፍትም «የሰሜን ቀበሮ» ሲባል ኖሮ ቆይቶ ነው «የኢትዮጵያ ተኩላ» ወደሚለው የተለወጠው። ኦሮምኛ ተናጋሪው የባሌ አርብቶ አደር «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ይለዋል። ለመውለድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም ተከትሎ ሄዶ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ከስሞቹ ሁሉ እንስሳውን አይቶ የወጣለት ይህ ይመስላል።

ከየት መጣ? የውሻ ወገን የሆኑት ትልልቅ እንስሳት መነሻ ሰሜናዊው የዓለም ክፍል ነው። ሰሜኑ ዓለም በበረዶ በተሸፈነባቸው ዘመናት የኢትዮጵያ ደጋም ዛሬ ካለው ይበልጥ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ዛሬ ከ3000 ሜትር በላይ ብቻ የቀረው ዓይነት ሣር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሁሉ ወርዶ ተራራውን ከተራራ ያገናኝ ነበር። ተኩላ መሰል የሆነ አባት ከአውሮፓና ከእስያ በኩል ተሻግሮ በዚህ ሰፊ ቀዝቃዛ አገር ተቀመጠ። የዘር ምርመራ የሚያሳየው ቀይ ቀበሮ ከሌሎች የአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለሰሜኑ ግራጫ ተኩላና ለአሜሪካው ካዮቴ እንደሚቀርብ ነው። መሻገሩ የዛሬ 100 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ደጋ በመልካ ዋከና የተገኘ የመንጋጋ ቅሪት ነገሩን አናወጠው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጥናት ቅሪቱን የቀይ ቀበሮ ነው ብሎ ዕድሜውን ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል። ይህ ከጸና ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከዘመናዊው ሰው በፊት የነበረ ነዋሪ ነው።

የአየሩ ጠባይ ሲሞቅ ሣሩ ወደ ላይ ሸሸ፤ ቀይ ቀበሮም ሣሩን ተከትሎ ወጣ። ዛሬ በየተራራው ጫፍ ተነጣጥሎ የሚኖረው ለዚህ ነው። የጓሳ ቀይ ቀበሮ የባሌውን ዘመዱን ለማግኘት በመካከል ያለውን የእርሻና የከተማ አገር ሁሉ መሻገር ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ አይሆንለትም።

የዚሁ ዘር ሌላው ቅርንጫፍ በሰሜን ቀርቶ ከሰው ጋር ተዋወቀ። ውሻ ከግራጫ ተኩላ ወጥቶ ቢያንስ ከ15 ሺህ ዓመት ወዲህ ከሰው ጋር ኖሯል። በሳይቤሪያ ሰሜናዊ ባሕር ውስጥ ባለችው በዞኮቭ ደሴት የተገኘው ቅሪት ከ9 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ በውሻ ያስጎትቱ እንደነበር ያመለክታል። የግሪንላንድ ውሻ፣ የአላስካው ማላሙትና የሳይቤሪያው ሃስኪ የዚያ ሥራ ወራሾች ናቸው። ድርብ ፀጉር አላቸው፤ ከላይ ሸካራው በረዶውን ያራግፋል፣ ከሥር እንደ ጥጥ የታመቀው ሙቀት ይይዛል። ሰውን ይወዳሉ፤ በቡድን ይሠራሉ፤ ሳይሮጡ ከዋሉ ግን ይታወካሉ። ሌሊት በሜዳ በረዶ ላይ ተጠቅልለው ጅራታቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ይተኛሉ።

የጓሳው ቀይ ቀበሮ አተኛኘትም ይኸው ነው። ጎሬ የሚቆፍረው ለግልገሎቹ እንጂ ለራሱ አይደለም። ሲመሽ በሣሩ መካከል ተጠቅልሎ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ይወሽቃል፤ ውርጩ ጀርባው ላይ ሲረጋ ያድራል። ከላይ ያለው ፀጉሩ አጭር ሆኖ ከሥሩ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ያስችለዋል። ሁለቱ ዘመዶች በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው የብርድን ነገር በአንድ መንገድ ይዘውታል። የሚለያቸው ሰው ነው። ጋሪ ጎታቹ ያለ ጌታው አይኖርም፤ ቀይ ቀበሮ ለማንም አንገቱን ሰጥቶ አያውቅም። ዛሬ በየትኛውም አገር መካነ እንስሳት ውስጥ አንድም ቀይ ቀበሮ የለም። ተራራው ላይ ከጠፋ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ቁመናው ረዘም ባሉ እግሮች ላይ የቆመ ነው። ወንዱ ከ14 እስከ 19 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። መልኩ እንደ ሸክላ የቀላ ሲሆን ጉሮሮው፣ ደረቱና ሆዱ ነጭ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ይጠቁራል። አፉ ቀጭንና ረጅም፣ ጥርሱ ትናንሽና የተራራቀ ነው። የአፉ አሠራር የሥራውን ዓይነት ይናገራል፤ በግ ጥሎ ለመበጣጠስ ሳይሆን አይጥ ከጉድጓድ አፍ ላይ ለመንጠቅ የተሠራ ነው። በባሌ በተደረገ ጥናት ከምግቡ 96 በመቶ የሚሆነው አይጥ ሆኖ ተገኝቷል። በጓሳም ቀለቡ የሣር አይጥና ፍልፈል ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥንቸል፣ የወፍ ጫጩት፣ አልፎ አልፎም ጠባቂ የራቀው ግልገል በግ ይነካል። የመንዝ ሰው ኑሮው በበጉ ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን በቀይ ቀበሮ ላይ የሚጫነው የበግ ዕዳ አብዛኛው የሌላው ቀበሮና የጅብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በወጣ ጥናት ደግሞ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች የአንድ ቀይና ቢጫ አበባ ማር ሲልሱ፣ አፋቸውም በጽጌው ዱቄት ሲቢጫ ታይቷል። ሥጋ በል የሆነው ይህ ትልቅ እንስሳ የአበባ ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ሳያደርስ እንደማይቀር ተገምቷል።

አደኑ ትዕግሥት ነው። ጆሮውን ወደ ፊት ጥሎ እግሩን እያነሣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አይጧ ከጉድጓዷ ስትወጣ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይደፋል፤ ይጠብቃል፤ ከዚያ በአንድ ዝላይ ይወድቅባታል። ፍልፈል ከሆነ አፈሩን እየቆፈረ ይከተለዋል። ከጠገበ የተረፈውን ቀብሮ ያስቀምጣል። ሲያድን ብቻውን ነው፤ ዘመዱ ጋሪ ጎታች አሥርና ዐሥራ አምስት ሆኖ በአንድ መጎተቻ ሲሠራ ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ማንንም አያስጠጋም።

ብቸኝነቱ ግን የቀን ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል። ከሦስት እስከ ዐሥራ ሦስት የሚደርሱ አዋቂዎች አንድ ግዛት ይይዛሉ፤ አይጥ በበዛበት ስፍራ ግዛቱ በአማካይ 6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ተሰብስበው እየተላላሱና እየተሻሹ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በአንድነት ወሰናቸውን ይዞራሉ፣ በየድንጋዩና በየሣሩ ጉብታ ላይ በሽንት ምልክት ያኖራሉ። ጎረቤት ቤተሰብ ሲገጥም ጩኸት ይነሣል፤ የኅብረት ጩኸታቸው እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ብዛት ያለው ቤተሰብ ያሸንፋል፤ ትንሹ ይሸሻል።

በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የምትወልደው አንዲቷ የበላይ ሴት ናት፤ እሷም በዓመት አንድ ጊዜ። እርግዝናዋ 60 ቀን ያህል ሲሆን ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ግልገል ትወልዳለች። አስተዳደጉ የሁሉም ነው። አባት፣ አጎት፣ ታላቅ እኅት ሁሉ አይጥ በአፉ አንጠልጥሎ ወይም በልቶ መጥቶ እያስመለሰ ያበላቸዋል። ሌላዋ ሴት ሳትወልድ ጡቷ ወተት ይዞ የምታጠባበት ጊዜም አለ። ግልገሎቹ በሦስት ሳምንታቸው ከጎሬ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ የጎሬው አፍ የቤተሰቡ መሰብሰቢያ ይሆናል። በአገር ወግ የአራስ ቤት እንደሚጠየቅ ሁሉ አንዱ ከሄደበት ሲመለስ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ስለ ቀይ ቀበሮ ጠባይ ከተጻፈው ሁሉ እጅግ የሚደንቀው የታየው በጓሳ ነው። ጓሳ የጭላዳ ዝንጀሮም አገር ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጭላዳዎች ሌሊት ገደል ላይ አድረው ጠዋት ሜዳው ላይ ተበትነው ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ሲሄድ ጭላዳዎቹ አይሸሹም። እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እርምጃውን አዝግሞ፣ ዝላዩን ቀንሶ፣ ማስደንገጥ የሚመስል ነገር ሁሉ ትቶ በመካከላቸው አይጥ ያድናል፤ አንዳንዴ ለሁለት ሰዓት ያህል። ለዚህ ትሕትና የሚያገኘው ዋጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ብቻውን ሲሆን ከመቶ ሙከራ 25 ያህሉ ሲሳካለት በጭላዳዎች መካከል ሲሆን 67ቱ ይሳካለታል። ምናልባት የጭላዳው ብዛት ሽፋን ስለሚሆነው ነው፤ ወይም እየነጩ ሲያልፉ አይጡን ስለሚያስነሡለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቀይ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጥቆ ሲሮጥ ጭላዳዎቹ ተባብረው አስጥለውታል፤ ተመልሶ እንዳይገባባቸውም ከልክለውታል። ውሻ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የውሻ ጥላ ሲያዩ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይፈስሳል። ጭላዳ ውሻንና ቀይ ቀበሮን በሩቅ ይለያል።

ቀይ ቀበሮ ለመኖር የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ አይጥ የሚያረባ ሣርና ከሰው ርቆ የሚወልድበት ጎሬ። ሣሩን በጓሳ ጠብቆ ያቆየው የመንዝ ሰው ራሱ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች መሬቱን ይዘው ለዘሮቻቸው አወረሱት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቆየው የቄሮ ሥርዓት መሠረት ከአስቦና ከጌራ ወገን የተመረጡ አባ ቄራዎች ሜዳውን ያስጠብቁ ነበር። ጓሳ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ባለርስቱ ሁሉ በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ክረምቱን የሚያሳልፍበት ገሣ ይሠራበታል። ሜዳው ሲዘጋ ሣሩ ብቻ ሳይሆን አይጡም፣ በአይጡ የሚኖረውም ያርፍ ነበር። የጥንቶቹ አባቶች ለቀይ ቀበሮ ብለው አልዘጉትም፤ ያለ ቄሮ ግን ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ ባልደረሰ ነበር። በጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ የነበረው ጠፍቷል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት ቀረ፤ ቄሮም በርስት የቆመ ነበርና አብሮ ፈረሰ። ሜዳው ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ከብቱም ማጭዱም በዛ። ኋላ የአካባቢው ገበሬዎች በየቀበሌያቸው ኮሚቴ አቋቁመው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ የአማራ ክልልም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናላቸው። የዛሬው ጥበቃ ከአባ ቄራ ዘመን የሚለየው ትውልድ ሳይጠየቅ በዙሪያው ያለ ነዋሪ ሁሉ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። ሌሎች ደጋዎች ላይ ገብስና ድንች እስከ ጫፍ ሲወጡ የጓሳ ሣር እንዳለ መቆየቱ የዚህ ሕዝብ ሥራ ነው፤ በአገር ደረጃ ሊመሰገን የሚገባውም ለዚህ ነው።

ሣሩ ቢኖርም ሌላ አደጋ አለ፤ እሱም ከቤት የሚወጣ ነው። በመንዝ ውሻ የሌለው የገበሬ ደጅ እምብዛም አይገኝም። ውሻው ሌሊት ጅብና ሌባ ይጠብቃል፣ ቀን እረኛውን ተከትሎ ይወጣል፤ ከቤት የሚያገኘው ምግብ ጥቂት ስለሆነ የጎደለውን ሜዳ ላይ ይፈልጋል፤ የሞተ በግ ካለ እዚያ ይሰበሰባል። ቀይ ቀበሮና ውሻ የሚገናኙት እዚህ ነው። ውሻ ያባርረዋል፤ በባሌ እንደታየው ከሴቶቹ ጋር ተዳቅሎ ዘሩን ያበላሻል፤ ከሁሉ የከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፍበታል። ያ ጎሕ ሲቀድ እየተላላሱ ሰላምታ መለዋወጥ፣ ያ ግልገልን በአፍ ማጉረስ፣ በሽታው ከገባ ቤተሰቡን ሁሉ የሚጨርስ መንገድ ይሆናል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ ተነሥቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ገብቶባቸዋል። በባሌ ብዛት ስላለ የተረፉት ተራብተዋል። ቁጥሩ እጅግ ባነሰበት በጓሳ እንዲህ ያለ ዓመት ቢመጣ ተመልሶ የሚራባ ላይተርፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር ሆኖ በቀይ ቀበሮ መኖሪያ ዙሪያ ያሉትን ውሾች ይከትባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀይ ቀበሮዎቹ ራሳቸው ማብላት ተጀምሯል። እንስሳውን መያዝና መወጋት ሳያስፈልግ ቤተሰቡን መጠበቅ ተችሏል።

ሰው ሲረዳው ቀይ ቀበሮ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰሜን ተራሮች ታይቷል። እግሩ ተሰብሮ መንቀሳቀስ ያቃተው አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ ተገኘ፤ በጥይት የተመታ ይመስላል። የፓርኩ ጠባቂዎችና ሐኪሞች መጠለያ ሠርተው ሃምሳ ቀን ያህል አስታመሙት፤ ስሙንም ተረፈ አሉት። አጥንቱ ሲገጥም አንገቱ ላይ መከታተያ ታስሮለት ወደ ተራራው ተለቀቀ። እንዲህ ተይዞ፣ ታክሞና ድኖ ወደ ዱር የተመለሰ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው የሚደርሰው የሥራ ድርሻ ከዚህ የቀለለ ነው። ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ ባሉት የወሊድ ወራት ወደ ጎሬ አለመቅረብ፤ ወደ ጓሳ ውሻ አለማስከተል፤ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ አለመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም አይምርም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ሕመሙ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ውሻውን የሚያድነው፣ ልጁንም ቀይ ቀበሮውንም የሚጠብቀው አንድ ክትባት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይደገማልና የከታቢዎቹ ጥሪ ሲደርስ ባለውሻ ሁሉ ውሻውን በገመድ ይዞ ይውጣ።